በእጅ የያዙት ወርቅ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። አባባሉ ስለ ጌጥና ስለ ገንዘብ ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በመስቀል ሰሞን ወደ ጉራጌ አገር ብቅ ብሎ በአንድ የእንሰት ጓሮ ጥላ ሥር ቢቀመጥና አባትና ልጅ የሚነጋገሩትን ቢያዳምጥ፣ ነገሩ የዕለት ጉርስን የሚመለከት መሆኑን በቀላሉ ይረዳዋል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የጅማን መንገድ ይዞ ወልቂጤ የደረሰ መንገደኛ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ በጉብሬ በኩል ወደ እምድብር ሲያመራ ዓይኑን ቀድሞ የሚስበው የእንሰቱ አረንጓዴነት ነው። ጀፎረ ተብሎ በሚጠራው ሰፊና ሣር የለበሰ የመንደር ጎዳና ግራና ቀኝ ሣር ክዳንና ቆርቆሮ ክዳን ቤቶች በረድፍ ተሠርተዋል። ከእያንዳንዱ ቤት ጀርባ ደግሞ ሰፋፊ ቅጠሉን የዘረጋው እንሰት በየዕድሜው ተሰልፎ ይታያል።

የመስቀል በዓል በዚህ አገር የዘመድ መገናኛ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የተሰማሩት የአካባቢው ተወላጆች በዓሉን ከወላጆቻቸው ጋር ለማሳለፍ ይመጣሉ። ለእርድ የሚሆነው ሰንጋ በዕቁብ በተጠራቀመ ገንዘብ ይገዛል፤ እናቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ ያወጣሉ፤ ክትፎው፣ ጎመኑና አይቡ ከምርጥ ቆጮ ጋር ይቀርባል። ከበሉና ከጠጡ በኋላ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ይነሳል። መሬቱም፣ ጋብቻውም፣ ብድሩም፣ የከርሞው ሐሳብም የሚመከርበት ጊዜ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የሚነበበውም በአንድ ቤት ጓሮ የተደረገ የዚህ ዓይነት ምክክር ነው።

የጎረቤት ቆርቆሮ

የቤቱ የበኩር ልጅ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በመርካቶ ልብስ ይነግዳል። በየዓመቱ ለመስቀል ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። በዚህኛው መስቀል ግን ከስጦታው ሌላ አንድ ሐሳብ ይዞ መጥቷል።

«አባባ፣ ጎረቤታችን ያደረጉትን መቼም አይተዋል» በማለት ጀመረ። «ከመንገዱ ዳር ያለውን እንሰት ነቅለው ባሕር ዛፍ ተከሉ። ይኸው በአምስት ዓመቱ አጣናውን ሸጠው ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ። ባሕር ዛፍ ፍግ አይፈልግም፤ ኩትኳቶ አይፈልግም፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እኛስ ግማሹን ብናደርገው ምን ይለናል?»

አባት ወዲያው መልስ አልሰጡም። ከተቀመጡበት ተነስተው ልጃቸውን አስከትለው ወደ ጓሮው ገቡ። ስድስቱን የእንሰት ረድፎች እያለፉ በእጃቸው ያመለክቱ ጀመር።

«ይኸኛው ዘንድሮ የምንበላው ነው። ቀጥሎ ያለው የከርሞ ነው። ያኛው የከርሞ በስቲያ ነው። ያን ትንሹን ደግሞ የልጅ ልጅ ሲመጣልኝ ይደርሳል ብዬ ተከልኩት። የጎረቤታችንን ቆርቆሮ አይተሃል፤ ደግ። የሸጠውን አይተሃል፤ እሱም ደግ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከገበያ የሚሸከመውን የበቆሎ ዱቄት ግን አላየህም፤ መስቀል መስቀል ብቻ ነዋ የምትመጣው።»

ወጣቱ ግን በዚህ የሚረታ አልነበረም። «አባባ፣ ነገሩ የሆድ ብቻ አይደለም እኮ። የታናናሾቼ የትምህርት ወጪ አለ፤ የመድኃኒት አለ፤ የልብስ አለ። ይህ ሁሉ በቆጮ አይከፈልም» አለ።

እውነት ነው፤ አይከፈልም። አባትም ይህን አልካዱም። ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የገጠር ኑሮም ከገበያው ተነጥሎ የሚኖርበት ዘመን አይደለም። የሁለቱ ክርክር እንግዲህ በሀብትና በድህነት መካከል የሚደረግ ክርክር ሳይሆን፣ ሌላ ከመፈለግ በፊት በእጅ ያለውን በሚገባ ቆጥሮ ማወቅ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው።

ጓሮው ምን ይዟል?

እስቲ እኛም አብረናቸው እንቁጠር። እንሰት የሙዝ ዘመድ የሆነ ተክል ነው። ከሙዝ የሚለየው ግን የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና አሚቾ የሚባለው ከመሬት በታች ያለ ወፍራም አካሉ መሆኑ ነው። የዱሩ እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል። አልምቶና አባዝቶ የዘወትር ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። ዛሬ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኑሮውን በእንሰት ላይ እንደመሠረተ ይገመታል።

አተካከሉም የረዥም ዘመን ዕውቀት የተጠራቀመበት ነው። ገበሬው ለጋ እንሰት ይቆርጥና የአሚቾውን እምብርት ፈልፍሎ ያወጣል፤ በምትኩ አፈርና ፍግ ሞልቶ መልሶ ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ በርካታ ችግኞች፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ በላይ ይፈልቃሉ። ችግኞቹ እያደጉ በሄዱ ቁጥር እየተነቀሉ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራሉ። በየረድፉ የዕድሜ ልዩነት የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ተክሉ እንደ አየሩ ጠባይ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ በብርዳማ ደጋ ደግሞ ከዚያም በላይ ቆይቶ ይደርሳል።

ከደረሰ በኋላ ሴቶች ግንዱን በእንጨት ሳንቃ ላይ አጋድመው ከቀርከሃ በተሠራ መፋቂያ ይፍቁታል፤ አሚቾውንም ይከትፉታል። ይህ ተደባልቆ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ እንዲብላላ ይደረጋል። የሚገኘው ቆጮ ጉድጓዱ በደንብ ከተያዘ ለብዙ ወራት፣ አልፎም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ሲፋቅ ከሚወጣው ፈሳሽ ዘቅጦ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ነው። አሚቾው እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል። ከግንዱ የሚወጣው ቃጫ ለገመድና ለጆንያ ይሆናል። ቅጠሉ የዳቦ መጋገሪያ ነው፤ የዕቃ መጠቅለያና የከብት መኖም ነው። አጋዴ፣ ጓርየ፣ አስታራ እየተባለ በየስሙ የሚጠራው ዝርያም ብዙ ነው፤ አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለአሚቾ፣ ሌላው ለቃጫ፣ ሌላው ደግሞ ለሕመምተኛ ተብሎ ይመረጣል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የእንሰት ታጋሽነት ነው። ዝናብ ሲዘገይ ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ እንደ በቆሎ በአንድ ወቅት ድርቅ ፈጽሞ አይጠፋም። በዚህ ወር ብቻ ይሰብሰብ የሚባል ወሰን የለውም፤ ችግር ሲመጣ ሳይደርስም ቢሆን ተፍቆ ቤተሰብን ያሻግራል። በ1977 ዓ.ም. አገራችንን በመታው ድርቅ ወቅት እንሰት በብዛት የሚለማባቸው ብዙ ቀበሌዎች ከሌላው አካባቢ በተሻለ ሁኔታ ችግሩን የተቋቋሙት በዚሁ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ሕዝቡ ተፋፍጎ በሚኖርባቸውና እንሰቱ በተመናመነባቸው አንዳንድ የደቡብ አካባቢዎች ረሃቡ በርትቶ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው በጓሮ የቆመው ረድፍ መብዛትና ማነስ ነበር ማለት ይቻላል።

አባት ለልጃቸው ሊያስረዱ የፈለጉት ይህንኑ ነው። ባሕር ዛፍ ሲሸጥ ገንዘብ ነው፤ እንሰት ግን ሳይሸጥም ምግብ ነው። ገንዘብ በእህል ዋጋ መውጣትና መውረድ ይለካል፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቆጮ ግን ገበያው ቢወጣም ቢወርድም የሚያጠግበው ሰው ቁጥር አይለወጥም። ከዚህም በላይ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ያበረከተው ጥቅም ከፍተኛ ቢሆንም፣ ከእንሰት ጎን ሲተከል ውኃውንና ብርሃኑን እንደሚሻማ ገበሬው በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል።

የተረሳ ሀብት

ያላቸውን ሳያውቁ የተለዩ ሰዎች ታሪክም አለ። በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ እንሰትን በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል። በጎንደር አካባቢ መብቀሉን፣ ለምግብነትም መዋሉን ጽፏል። ዛሬ በዚያው በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እንሰት ኮባ ወይም ጉና ጉና እየተባለ በየጓሮው አልፎ አልፎ ይታያል። የሚፈለገው ግን ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉ ብቻ ነው። ተክሉ ከቦታው አልጠፋም፤ የጠፋው አበላሉን የሚያውቅ እጅ ነው። ዳቦውን ከኮባው ላይ አንስቶ የሚበላ ሰው፣ ከቅጠሉ በታች የቆመው ግንድ ሌላውን ወገኑን የሚመግብ መሆኑን ላያስበው ይችላል።

የሚያስገርመው ደግሞ፣ እኛ የናቅነውን ሌላው ሲያደንቀው መታየቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የኪው ዕፀዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የእንሰት ልማት በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቢስፋፋ ተጨማሪ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሊመግብ እንደሚችል ገምተዋል። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተናኘ። የእምድብር ገበሬ ግን ይህን ከአባቱ ከአያቱ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው።

ወጣቱ የመርካቶ ነጋዴም ቢሆን ነገሩ ጨርሶ አልጠፋውም። አባቱ ረድፉን ቆጥረው ሲጨርሱ ፈገግ ብሎ፣ «አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ስገባ ለዚህ ለቆጮ ገንዘብ እከፍላለሁ» አለ። አባትም ቀበል አድርገው፣ «ታዲያ ከፍለህ የምትበላውን ነው ንቀል የምትለኝ?» በማለት መለሱለት። በዚህ ሁለቱም ሳቁ።

በቃኝ ማለትና እጅ ማጣጠፍ

ክርክሩ በዚህ ቢያበቃ አባት አሸነፉ ይባል ነበር። ነገር ግን ልጁ በሦስተኛው ረድፍ መካከል ቆም አለና አንድ እንሰት አሳያቸው። የመካከለኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠውልጎ ተንጠልጥሏል። አባት ቀረብ ብለው ግንዱን በቢላዋ ጫር ሲያደርጉት ቢጫ ቀመስ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

ይህ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በዓይን በማይታይ ባክቴሪያ የሚመጣው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ እንሰት ላይ በሳይንቲስቶች ተለይቶ የተመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ የእንሰት ዋነኛ ጠላት ሆኖ ቆይቷል። የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለውም። መከላከያው ጥንቃቄ ብቻ ነው። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ ከእርሻው አርቆ መቅበር፣ የታመመውን የነካ ቢላዋና መፋቂያ በእሳት ሳያልፍ ጤነኛውን እንዳይነካ ማድረግ፣ ከብት ከታመመው ቅጠል በልቶ ወደ ጤነኛው እንዳይሄድ መከልከል፣ ችግኝም ከታመመ ጓሮ አለመውሰድ ያስፈልጋል።

የግብርና ባለሙያው ይህን ምክር ለመንደሩ ሰው በተደጋጋሚ ሰጥቷል። አባትም ሰምተዋል። ሆኖም ቢላዋ ከጎረቤት ሲዋሱ በእሳት ማሳለፉን ሁልጊዜ አያስታውሱትም ነበር። «ጓሮዬ ሙሉ ነው ብዬ ተማምኜ፣ በየረድፉ ገብቼ ማየቱን ተውኩት» ሲሉ በሐዘን ተናገሩ።

ይህ ቃል ሊጤን ይገባዋል። ባለው የሚረካ ሰውና ባለው የተዘናጋ ሰው ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የጎረቤታቸውን አይመኙም፤ ሁለቱም ይበቃኛል ይላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ጓሮ ሲገባ ነው። የረካው ሰው ያለውን ስለሚወደው ይኮተኩተዋል፣ ይጠብቀዋል፣ በሽታውን በጊዜ ያያል። የተዘናጋው ግን ያለው መሆኑን እንጂ እንዴት እንዳለ አያውቅም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው በሰው ሀብት ለሚጎመጁ ብቻ አይደለም። ብብቱን የማይፈትሽ ሰውም ቆጡን ሳይመኝ የያዘውን ሊጥል ይችላል።

ደግሞም እንሰት ብቻውን ሙሉ ምግብ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ገንቢ ንጥረ ነገሩ ግን አነስተኛ ነው። ስለሆነም ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ወተቱና አይቡ አብረው ካልቀረቡ በተለይ ሕፃናት ይጎዳሉ። ላሟ ከሌለች አይብ ብቻ ሳይሆን ፍግም የለም፤ ፍግ ከሌለ እንሰቱ ይቀጭጫል። ስለዚህ «ያለኝ» ሲባል እንሰቱ ብቻ ሳይሆን ከብቱም፣ የጎመኑ መደብም፣ የቤተሰቡ ጉልበትም አብሮ ይቆጠራል።

የእማወራዋ ቃል

የቤተሰቡ ጉልበት ከተነሳ ዘንድ፣ እስከዚህ ድረስ ቃል ያልተነፈሱ አንድ ሰው ነበሩ። እማወራዋ በደጃፉ ተቀምጠው ቡና እያፈሉ ነገሩን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተዋል። አባትና ልጅ ተመልሰው ሲቀመጡ ስኒውን አቀብለው እንዲህ አሉ።

«ሁለታችሁም ረድፉን ቆጠራችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። አባትህ ይበቃናል ይላል፤ እኔም ይበቃናል እላለሁ። ነገር ግን ያን ሁሉ ግንድ የሚፍቀው ማን ነው? ወገቤን የሚጠይቅ የለም። እሱ ይተክላል፤ ያነሳል፤ ያዛውራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔና የእህቶችህ ነው። ፍጉንም ተሸክመን የምናወጣው እኛ ነን።»

እውነታቸውን ነው። በእንሰት አገር ተከላውና ማዛወሩ በአመዛኙ የወንድ፣ መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ማብላላቱና መጋገሩ የሴት ሥራ ነው። ፍቂያው ጎረቤታሞች እየተጠራሩ በደቦ የሚሠሩት ቢሆንም እጅግ አድካሚ ነው። ይህን ድካም ለመቀነስ የሚያስችሉ መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎች በአገራችን የምርምር ተቋማት ተሠርተዋል። ለምሳሌ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ መሣሪያዎችን ሠርቶ ለእንሰት አምራቾች አስተዋውቋል። መሣሪያዎቹ ግን እስካሁን በየገበሬው ጓሮ የገቡ አይደሉም።

እማወራዋ ንግግራቸውን ቀጠሉ። «አንተ ልጄ፣ ለባሕር ዛፉ ችግኝ የምታወጣውን ገንዘብ አስቀምጠውና እናትህን የሚያሳርፍ መጭመቂያ ፈልግልኝ። ተርፎኝ ቡላውን ለገበያ ካወጣሁ ደግሞ ለታናናሾችህ ደብተር የሚሆን አላጣም።»

በዚህ ጊዜ አባት ዝም አሉ። ለአርባ ዓመት ያህል «ይበቃኛል» ሲሉ የኖሩት፣ የሚበቃውን በእጃቸው እየፋቁ የሚያቀርቡላቸው ሰው ስለነበሩ መሆኑን ያን ዕለት የተገነዘቡት ይመስላል። ቆየት ብለው፣ «እሷ ያለችው ይሁን» አሉ። ልጁም ተስማማ። ከቤቱ ራቅ ባለው ድንጋያማ ጠርዝ ላይ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ጥቂት ባሕር ዛፍ እንዲተከል፣ ስድስቱ ረድፎች ግን እንዳይነኩ ሦስቱም ተስማሙ።

ለመሆኑ ባለን ነገር መርካት ማለት ምንድን ነው? ድሃው ድህነቱን ወዶ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ይህን የሚል ቢኖር የሌላውን ሸክም ያልሞከረ ነው። ባለን መርካት ማለት፣ ያለንን አንድ በአንድ መቁጠር፣ በማን ጉልበት እንደቆመ ማወቅ፣ የታመመውን ነቅሎ ጤነኛውን መጠበቅ፣ ከዚያም የጎደለውን በዚያው ላይ መጨመር ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው የጎረቤቱን ቆርቆሮ ሲያይ ደስ ይለዋል እንጂ እንቅልፍ አያጣም።

በማግስቱ ማለዳ አባትና ልጅ የታመመውን እንሰት ከነሥሩ ነቀሉት። ከእርሻው አርቀው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ቢላዋውንና መቆፈሪያውን በእሳት አሳለፉ። ከዚያም አባት እያንዳንዱን ረድፍ ተራ በተራ እየገቡ ቅጠል በቅጠል ተመለከቱ። ሌላ የታመመ አልተገኘም፤ ቢሆንም በየሳምንቱ እንደሚያዩ ለባለቤታቸው ቃል ገቡ።

ልጁ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ እናቱ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቡላ አስያዙት። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ በጀፎረው ዳር ቆሞ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ነበር።